በበረንዳው ውስጥ የቀረ ዘንባባ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፍቅረ ማርያም፤ ካለህበት ጁባ፤

የእናታችን አምላክ በሄድህበት ሁሉ ይከተልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ጥሩ ዘንቦ ጣና እስከ አፉ ሞልቷል። የኔታህ መሪጌታ «በረከተ ኪዳነ ምሕረት ይደርብህ» ብለውሃል።

ስልክ እያለ ወረቀት ማበላሸት ምን ይሉታል እንዳትለኝ። ቤታችን አንድ ክፍልና ጓዳ ነው፤ መሪጌታ ደግሞ ዓይናቸው የነሣቸውን ሁሉ ጆሯቸው ክሷቸዋል። ጓዳ ገብቼ ባንሾካሹክ እንኳ ከአልጋቸው ሆነው ይመልሱልኛል። ባሌን ለሰው የማማው በጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮው አድርግ፤ ከምታሰምረው መስመር በላይ ያለውን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ ምርቃቱ ሲያልቅ «አሜን» ይላሉ። ከመስመሩ በታች ያለው የኔ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ያለኝን ነው። ከቤታችን እስከ ደብሩ ያለው የእግረኛ መንገድ ክረምቱ ሳይገባ እንደ አዲስ ተነጠፈ። ዳሩ ከፍ ያለ የድንጋይ ጠርዝ አለው። መሪጌታ ያን ጠርዝ በበትራቸው ጫፍ እየነኩ ለብቻቸው ኪዳን መሄድ ጀመሩ። ለብቻቸው ነው የምልህ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ካጠፋው ወዲህ ያለ መሪ ከደጅ ወጥተው አያውቁም። ደቅ ደሴት ሳለን ተማሪያቸውም መሪያቸውም አንተ ነበርህ፤ አንተ ስትሄድ እኔ ሆንሁ። አሁን ጠዋት በሩን ራሳቸው ከፍተው ይወጣሉ፣ ተመልሰውም «መጣሁ» ይሉኛል። ይህችን «መጣሁ» ለማለት ብቻ የሚሄዱ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ተደብቄ በስተኋላቸው እከተል ነበር፤ «ፅጌ፣ ጫማሽ ይሰማኛል፣ ተመለሽ» ብለው አሳፈሩኝ።

መንገዱ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም አልልህም። ጥብስ ዓሣ የምትሸጠው ሰሊማ አለች። እሷ ግን የበትራቸውን ድምፅ ስትሰማ ምድጃዋን ወደ ግድግዳው ስባ «መሪጌታ፣ ይለፉ» ትላቸዋለች። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። መታጠፊያው ላይ፣ ትልቁ ዘንባባ ካለበት ፊት ለፊት፣ አንድ ሰው ካፌ እየሠራ አሸዋና ብሎኬቱን መንገዱ ላይ ደፍቶታል። ስሙንም «ደቅ ካፌ» ብሎ ለጥፏል። ደቅን በካርታ እንኳ አይቷት የሚያውቅ አልመሰለኝም።

እኅትህ ፅጌ ማርያም


ጁባ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴም ለእኅቴም ለእትዬ ፅጌ ማርያም፤ ለአባቴና ለመምህሬ ለየኔታ ጥዑመ ልሳን፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበታችሁን እስማለሁ። የኔታ፣ ለብቻዎ ኪዳን ማድረስ መጀመርዎን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በወረቀት መግለጥ አልችልም። በዚህ በሰው አገር ቆሜ የምሄደው በእርስዎ ምርቃት ነው። እግዚአብሔር እግርዎን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ።

____________

እትዬ፣ ስለ ካፌው አይጨነቁ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ገድሉ ይባላል፤ እዚህ ጁባ አብረን ሠርተናል። ጨዋ ልጅ ነው። ሥራው ሲያልቅ አሸዋው ይነሣል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ምረቃው ለጥር ነው ብሎኛል። የኔታ ሄደው ቢመርቁለት ለኔ እንዳደረጉልኝ እቆጥረዋለሁ። ደቅ ላይ ጎጆ ሲቆም፣ ታንኳ ውኃ ሲገባ፣ የኔታ ሳይመርቁ የተጀመረ ነገር ነበር? ከተማ ገባን ብለን ያ ልማድ ለምን ይቅር። ለገድሉ ነግሬዋለሁ፣ ራሱ መጥቶ ይወስዳቸዋል።

ወንድምዎ ፍቅረ ማርያም


ባሕር ዳር፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፍቅረ ማርያም፤

እመቤቴ በጥላዋ ትከልልህ። ደህና ነህ? እኔ ጤና ነኝ፤ ልቤ ግን ተቃጥሏል።

እንደ ቃልህ ካፌው ተመረቀ። እኔ ለአክስታችን ተዝካር ደቅ ሄጄ ስለ ነበር አላየሁም፤ የነገረችኝ ሰሊማ ናት። ገድሉ በክብር ይዟቸው ሄደ። መሪጌታ እንደዚያ ቀን ረጅም መርቀው አያውቁም አለችኝ። ጨርሰው ሊወርዱ ሲሉ እጃቸውን ቢዘረጉ የዛፍ ግንድ ነኩ፤ «ይህ ዘንባባ ከቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እንደ ቀልድ ሰምቼ ሳቅሁ።

በማግስቱ ሄጄ አየሁት። ሰውየው በረንዳውን በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ከፍ አድርጎ እስከ አስፋልቱ አፍ አምጥቶታል፤ ዙሪያውን በብረት አጥሮታል። የመንግሥት ዘንባባ በረንዳው ውስጥ ቀርቶ ሥሩ ወንበር ተደርድሮበታል። እግረኛ የሚያልፍበት ስንዝር አልቀረም። መሪጌታ ያን ሁሉ ምርቃት ያወረዱት የራሳቸው መንገድ ላይ ቆመው ነው። አሁን እዚያ ሲደርሱ ጠርዙ ይጠፋባቸዋል፣ በትራቸው ብረት ይመታል፣ ከዚያ ባጃጅ ወደሚተራመስበት አስፋልት ይወርዳሉ። ልምራዎት ብላቸው «ትንሽ ቦታ ናት፣ እለምዳታለሁ» ይሉኛል። ገና ያገኟትን ነገር እንዳልወስድባቸው ፈርተው ነው።

ቀበሌ ሄጄ አመለከትሁ። በሳምንቱ ደንብ አስከባሪዎቹ በፒካፕ መጡ። ከደጃፍ ቆሜ አያቸዋለሁ። አንዱ የካፌውን ብረት ተደግፎ ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ተሻገሩና የሰሊማን ምድጃና መጥበሻ መኪና ላይ ጫኑ። «ምን አጠፋሁ?» ብትላቸው «አቤቱታ ቀርቧል» አሏት። አቤቱታው የኔ ነበር። ሮጬ «እሷን አይደለም» ብላቸው «እናቴ፣ ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» ብለውኝ ሄዱ። ካፌው በረንዳ ላይ ማኪያቶ የያዘ ሰው ሁሉ ይሰማል። ሰሊማ የተረፋትን ዓሣ በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፅጌ ማርያም


ጁባ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ለእትዬና ለየኔታ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ዓመት ዓመት ያድርሰን። የኔታ፣ በጸሎትዎ አይርሱኝ።

____________

እትዬ፣ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ማመልከቻው ላይ የሰው ስም ጠቅሰዋል ወይስ እንዲያው በደፈናው ነው? የተቀበለዎት ማን ነው? ይጻፉልኝ።

ለማንኛውም ቢሮ መመላለሱን ቢተዉት ይሻላል፤ የሰውን እንጀራ ሲነኩ ጠላት ይበዛል። ለየኔታ ባጃጅ በኮንትራት እይዝላቸዋለሁ። ጠዋት ከደጅ ያነሣቸዋል፣ ከደጅ ያደርሳቸዋል። ምን ጎደለ?

ፍቅረ ማርያም


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፍቅረ ማርያም፤

እንደምን አለህ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደህና አይደለንም። መሪጌታ «ለፍቅረ ማርያም እንዳትጽፊ» ብለው አጥብቀው ከልክለውኛል። እንዳትጨነቅ ብለው ነው መሰለኝ። ግን ከአንተ ሌላ ለማን ልንገር።

ግንቦት 22 ቀን ከኪዳን ሲመለሱ፣ ካፌው ጋ ደርሰው እንደ ልማዳቸው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ከኋላ የመጣ ባጃጅ በመስታወቱ ክንዳቸውን መታቸው። ዞረው ጠርዙን ቢፈልጉ ያገኙት የካፌውን ብረት ነው። እሱን ሊይዙ ሲሉ ከእጃቸው አመለጠና ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ወደቁ። ጭናቸው ተሰበረ። ባጃጅ ነጂው እያለቀሰ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ እሱን አልወቅሰውም፣ ዓይነ ስውር አስፋልት ላይ ይሄዳል ብሎ ከየት ይጠርጥር። በረንዳው ላይ የነበሩት ኩባያቸውን እንደያዙ ተነሥተው አዩ። ቦዩ ውስጥ ገብታ ያነሣቻቸው ሰሊማ ናት፤ ምድጃዋን ያስወሰድሁባት ሰሊማ።

ስለ ባጃጅ ኮንትራቱ ያልኸውን ያኔውኑ ነግሬያቸው ነበር። «ያማ መሪ መለወጥ ነው፤ እኔ ብቻዬን መሄድ ነው የወደድሁት» አሉኝ። አሁን ከአልጋ ወደ በርጩማ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። «መጣሁ» የምትለው ቃል ከቤታችን ጠፋች።

ቢሮ መሄዴን አልተውሁም። ቀበሌው ወደ ክፍለ ከተማ ላከኝ። ክፍለ ከተማው መንገዱ የኛ አይደለም ብሎ ወደ ከተማው ላከኝ። ከተማው ደንብ ማስከበር የቀበሌ ነው ብሎ ከተነሣሁበት መለሰኝ። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ መስክ ወጥቷል፣ የተገኘው ደግሞ አይመለከተውም። በመጨረሻ የደንብ አስከባሪዎቹ አስተባባሪ፣ ቢያዝን የሚሉት፣ አስቀምጦ አነጋገረኝ። «እትዬ፣ መሪጌታ ራሳቸው መርቀውት የለም እንዴ?» አለኝ። «ፎቷቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ራሳቸው የመረቁትን አፍርሱ ይባላል?»

ውሸት መስሎኝ ካፌው ገባሁ። እውነቱን ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ከኋላቸው ዘንባባው እየታየ፣ በትልቅ መስታወት ተሰቅለዋል። ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ከሥራቸው ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

ወንድሜ፣ ገድሉ ጓደኛዬ ነው ብለኸኛል። ንገረው። ብረቱን ወደ ውስጥ ይሰብስብ፣ ለአንድ ሰው ማለፊያ ይተው። ሌላ አልፈልግም። መሪጌታ ከዳኑ እንደገና ይሄዱበታል፤ ካልዳኑም መንገዱ እንዳለ ይስሙ። ይህን የምለምነው አንተን ብቻ ነው።

እኅትህ


ጁባ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬና ለየኔታ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። አዲሱ ዓመት የጤና፣ የበረከት ይሁንላችሁ። የኔታ፣ ሁልጊዜም በልቤ ነዎት።

____________

እትዬ፣ የኔታ መውደቃቸውን ሳነብ እንባዬ መጣ። መልስ ያዘገየሁት የምለውን አጥቼ ነው። ለገድሉ ደውዬ ለመንኩት። «የራሴ ንብረት ነው፣ አንተን ምን አገባህ» ብሎ ዘጋብኝ። ሰው ሲያገኝ እንዲህ ይለወጣል፤ በጣም አዘንኩበት። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መካሰስ ለእርስዎም ጤና አይሆንም።

ለሕክምናው የሚሆን በሰው ልኬያለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አስቤ ነበር፤ የኔታን ወደ ደቅ ብንመልሳቸውስ? እዚያ ባጃጅ የለም፣ አስፋልት የለም። አየሩም ይስማማቸዋል።

ፍቅረ ማርያም


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍቅረ ማርያም፤

ሰላምታውን ተወው፤ ካነበብህ በኋላ የሚያምርህ ከሆነ ራስህ ሙላበት።

በሕዝብ አቤቱታ ቀን የመሪጌታን የራጅ ፎቶ ይዤ ሄድሁና ለአለቆቹ ሁሉ በመስኮት ብርሃን እያሳየሁ አዞርሁት። ቢያዝን ሳይወድ በግዱ መጥቶ ካፌው ብረት ላይ ቀይ ምልክት ቀባ። እስከ ገና ይፍረስ ተባለ። የዚያኑ ዕለት ገድሉ ከቤታችን መጣ። ደጃፍ ላይ ልብስ እያጠብሁ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ምን በደልሁዎት?» አለኝ። «እኔ በደመወዝ የምሠራ ሰው ነኝ። የሚያስፈርሱት የገዛ ወንድምዎን ቤት ነው።»

«የትኛው ወንድሜ?» አልሁት። አንድ ብቻ እንዳለኝ እያወቅሁ።

ሳይመልስልኝ ከውስጥ የመሪጌታ ድምፅ መጣ። «ገድሉ፣ ግባ ልጄ፣ አትቁም። እኔ አውቀዋለሁ።»

ገድሉ ከሄደ በኋላ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። «ከምረቃው ቀን» አሉኝ። «ስመርቅ ሰው ሁሉ አንድ ላይ አሜን ይላል። አንዲት አሜን ግን ከኋላ ዘግይታ ትመጣለች። ገድሉ ስልክ ይዟል፣ ከስልኩ ውስጥ ነው። መጨረሻዋን ይጎትታታል። ደቅ ሳለ ስንት ጊዜ ገሥጬው ያልተወው አሜን ነው፤ ልጄን እንዴት አላውቀውም? ደስ አለኝና ጨምሬ ጨምሬ መረቅሁለት። ኋላ ዘንባባውን ስነካ የት እንደቆምሁ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ራሱ እስኪነግረኝ ብዬ ነው። ይነግረኛል አልሁ።»

እንዳትጽፊ ያሉኝም ለዚህ ነበር። ጭናቸውን የሰበረው የገዛ በረንዳህ መሆኑን ሰምተህ እንዳታዝን ብለው ነው። እኔ ሞኟ ከእሳቸው ተደብቄ ለአንተ ስጽፍ፣ እሳቸው ያንተን ከኔ ደብቀው በየደብዳቤህ ይጠብቁ ነበር። ምርቃትህን ሳነብላቸው «ሌላስ ምን ይላል?» ይሉኝ የነበረው ገባኝ። እሳቸውንም ተቀይሜያቸዋለሁ፤ ከሁለታችሁ መካከል እንደ ግድግዳ ቆሜ ነው የከረምሁት።

ከድተኸኛል፣ ፍቅረ ማርያም። ካፌ መክፈትህ አይደለም፤ ብትነግረኝ እልል እል ነበር። ቤትህን ሰው እንዳይነካብህ መንገዳቸውን በገዛ አፋቸው አስመረቅህባቸው። ገድሉ እምቢ አለኝ ያልኸኝ መስመርማ አሁንም ዓይኔ ላይ አለች። ራስህን ለመንህ፣ ራስህ እምቢ አልህ፣ ራስህ አዘንህ። በትር ይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚፈልግ በዚህ ዓለም ላይ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እጃቸውን ይዘህ ያደግህ ልጅ ነህ።

አሁን ጻፍላቸው። ከመስመሩ በላይ ጻፈው። በረንዳው የኔ ነው በላቸው፣ ሌላው ይቅር። ዛሬም እየጠበቁ ነው።

ፅጌ ማርያም


ጁባ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴና ለመምህሬ ለየኔታ ጥዑመ ልሳን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደ ጣና ውኃ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከፊደል እስከ ዳዊት ያስቆጠሩኝ፣ ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ውለታዎን በምድር አልከፍለውም። ኪዳነ ምሕረት ምሕረቷን ትላክልዎ። እግዚአብሔር እግርዎን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ።

____________

እትዬ፣ ያሉትን ከመስመሩ በላይ ልጽፍ ብዬ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ ልጀምረው። ካፌውን በሰው ስም ያደረግሁት ዘመድ ሁሉ እንዳይመጣብኝ ነበር፤ አንድ ቀን መጥቼ ላስደንቃችሁ አስቤ ነበር። ይመኑኝ።

አሁን ግን ጊዜ የለኝም። ያለ በረንዳው ቤቱ ባዶ ነው፤ ሰው የሚመጣው ዘንባባው ሥር ለመቀመጥ ነው። በሰው አገር የለፋሁት ሁሉ እዚያ ላይ ፈሷል። ቢያዝንን አነጋግረነዋል። ተጎጂው ቅሬታ የለኝም ካሉ ምልክቱ ይነሣል ብሏል። ወረቀቱን አስጽፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። የኔታ አውራ ጣታቸውን ቢያሳርፉበት ይበቃል። ምን እንደሆነ ባይነግሯቸው ይሻላል፤ የሆስፒታል ነው ቢሏቸው አይጠይቁም። ይህን አንድ ጊዜ ያድርጉልኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ፍቅረ ማርያም


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍቅረ ማርያም፤

የአሁኑ ደብዳቤህ ፈጥኖ ደረሰ። መሪጌታ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠበቁኝ። የላይኛውን አነበብሁላቸው። «ሌላስ ምን ይላል?» አሉኝ። መስመሩ ጋ ደረስሁና አልቆምሁም። የታችኛውንም፣ የሆስፒታል ነው በያቸው ያልኸውንም፣ እስከ ስምህ ድረስ አነበብሁት።

ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ «ቀለም አምጪ» አሉኝ። እንዳያደርጉት ለመንኋቸው፣ ተቆጣሁም፣ አለቀስሁም። «መርቄዋለሁ፣ ፅጌ። አፌ ያወጣውን በጣቴ አላፈርስም» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣታቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍሁት እኔ ነኝ። ለገድሉ ሰጥቼልሃለሁ። ዘንባባው ይሁንልህ።

ቀለሙን ከእጃቸው ካጠብሁ በኋላ ደብዳቤህን መልሼ ገለጥሁት። «እግዚአብሔር እግርዎን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ» ያልኸውን ለብቻው ደግሜ አነበብሁላቸውና አሜን እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም።

ፅጌ ማርያም